የእሜቴ ምሳ

ሰኞ

ይህን ደብተር ሳያስፈቅደኝ የከፈተ ሰው አፍንጫው ላይ ቡግንጅ ይውጣበት። ታላቄ፣ በተለይ አንቺን ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ ስለተለያየን ፊደል ብስት እዘኑልኝ እንጂ አትሳቁብኝ። መሳቅ የኔ ሥራ ነው።

ዛሬ ትልቁ ሥራ መጣ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ የጨርቁ ጥቅል ሲደረደር መስኮቱን ጋርዶ አዳራሹ ጨለመ። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ማለቅ አለበት። አለቃችን ፉጨት ወንበር ላይ ወጥቶ "ይሄ ሥራ እስኪያልቅ ቀልድ የለም" ያለው ወደ እኔ እያየ ነው። ፉጨት ያልነው ሥራ ሲዘገይበት በጥርሱ መሃል ስለሚያፏጭ ነው። ዜማ የለውም፤ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚያሰማው ነው።

እኔ ተኳሽ ነኝ። አትደንግጡ፣ ሸሚዝ ብቻ ነው የምተኩሰው። ካውያዎቹ የሚሠሩት በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ የሚመጣው ጥግ ላይ ከቆመው ቦይለር ነው። ቦይለሩ ላይ የብረት መደርደሪያ አለ። ሁሉም ሰው ጠዋት ሲገባ ምሳ ዕቃውን እዚያ ይደረድራል፤ እስከ ምሳ ሲሞቅ ይውላል። ጠባቂው እኔ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም፤ የሾመኝ ግን ተጸጽቷል። ዛሬ ብቻ የአንዷን ድንች ለሌላዋ፣ የሌላዋን ሩዝ ለቆራጩ አድርጌ አዳራሹን አጣልቻለሁ።

ታላቄ የአንደኛው መስመር ኃላፊ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም አባቴም እሷ ናት። እኔ ደግሞ የራስ ምታቷ።

ሐሙስ

ቶሎ ቶሎ። የምሳ ሰዓታችን በግማሽ ተቆረጠ። ልጆቹ እየቆሙ ነው የሚጎርሱት።

የታላቄን ምሳ ዕቃ በክር አሰርኩት፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። ሳትፈታው ሰዓቱ አለቀ። አልተቆጣችም። ምሳ ዕቃውን ይዛ በኋላ በር ወጣችና ተመለሰች። አለመቆጣቷ አስፈራኝ።

ማታ ምሳ ዕቃዋን ሳጥብ ባዶ ነው።

"መቼ በላሽው?"

"በላሁ አልኩሽ አይደል እንዴ። መርማሪ ሆንሽብኝ?"

በኋላ በር የምትተኛው ድመት ሰሞኑን ሆዷ መሬት ይነካል። ምን እንደምትበላ እንጃ።

ቅዳሜ ማታ

ታላቄ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የራሷን ጉርድ ቀሚስ እያጠበበች ነው። ባለፈው ሳምንትም አጥብባው ነበር።

"ፋሽን ነው?" አልኳት።

"ሰፍቶ ነው።"

"ልብስ ብቻውን አይሰፋም፣ እታለም። ወይ ታጥቦ ነው ወይ ተዘርግቶ።"

"አንቺ ዝም በይና ተኚ።"

ጎረቤታችን ደግሞ ደረጃው ላይ ይዛኝ "እህትሽ ታማለች እንዴ? ፊቷ እኮ አለቀ" አለችኝ። "አይ፣ ታክሲ ላይ ግማሽ ሂሳብ ለመክፈል ነው ግማሿን ያስቀረችው" አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደረጃውን ስወጣ ሳቄ ቀድሞኝ ቤት አልገባም።

ማክሰኞ

የእንፋሎት ቱቦ ፈሰሰና ላጠብቀው ከቦይለሩ ጀርባ ገባሁ። በግድግዳውና በቦይለሩ መሃል አንድ ሰው ብቻ የሚያቆም ጠባብ ቦታ አለ፤ ከዚያ ሆነው አዳራሹ አይታይም፣ ከአዳራሹም እዚያ ያለ ሰው አይታይም። መሬት ላይ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ አገኘሁ። ጎኑ ተጨራምቷል። ክዳኑ ላይ አንድ ወፍ በመርፌ ተጭሯል።

ቀልድ በራሱ እግር ሲመጣ ማን ይመልሰዋል። አጠብኩት፤ ከኔ ምሳ ግማሹን ገልብጬ መሃል ላይ ደረደርኩት።

"የማነው ይሄ?" አለች አንዷ።

በመስኮቱ በኩል ጨርቅ ለብሳ የቆመች፣ ማንም የማይሠራባት አንድ የስፌት መኪና አለች። ወደዚያ ጠቆምኩ። "የእሜቴ ነው። የዚያች መኪና ባለቤት። በጥድፊያ ምሳቸውን ሳይበሉ ሄደው ነበር፣ ዛሬ ተመልሰዋል። እንዳትነኩባቸው።"

ልጆቹ ተንጫጩ። እማማ ቁልፍ ብቻ ሥራቸውን አስቀመጡ። እማማ ቁልፍ የምንላቸው ቁልፍ የሚተክሉትን ትልቅ ሴትዮ ነው፤ ከሁላችንም በፊት እዚህ ነበሩ። አጠገቤ መጡና በቀስታ፣

"ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ምሳዋን ሳትበላ እንደሄደች።"

"ፈጥሬ ነው፣ እማማ። በሞቴ፣ ከሆዴ ነው ያወጣሁት።"

ክዳኑ ላይ ያለችውን ወፍ በጣታቸው ነኩና ወዲያው መለሱት። "እንዲህ ያለ ሥራ የመጣ ጊዜ ነው። ሆዴ እሺ አላለኝም እያለች ስንት ቀን ዋለች። አንድ ከሰዓት መኪናዋ ላይ ተደፋች፤ በዚያው ቀረች። ምሳ ዕቃዋን የጠየቀ ሰው አልነበረም።" ከዚያ ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ።

ቢገባኝ ኖሮ ያኔውኑ አነሳው ነበር። ግን ልጆቹ እያዩኝ ነበር፤ ሰው እያየኝ ቀልድ አቋርጬ አላውቅም።

ያው ማክሰኞ፣ ማታ

ከምሳ በኋላ መደርደሪያውን ላጸዳ ሄድኩ። የእሜቴ ምሳ ዕቃ ባዶ ነው። ታጥቦ፣ እንዲደርቅ ተደፍቶ። እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል። ቦይለሩ ነው ያሞቀው። ቦይለሩ መሆኑን አውቃለሁ።

ዓርብ

በየቀኑ ነው። አስቀምጣለሁ፣ ይበሉታል፣ ታጥቦ ይጠብቀኛል። ልጆቹ እኔ ነኝ የምበላው ይላሉ። ይበሉ።

ዛሬ እንፋሎቱ አዳራሹን ጭጋግ አስመስሎት ነበር። ከቦይለሩ ጀርባ ሲያኝኩ ሰማሁ። ቀስ ብለው፣ እያረፉ፣ መብላት እንደተረሳው ሰው። ሦስት እርምጃ ብሄድ አያለሁ። አልሄድኩም። ካውያዬን አንስቼ አንዱን እጅጌ ደግሜ ደግሜ ተኮስኩት።

ፉጨት ለታላቄ፦ "መስመርሽ ወደ ኋላ ቀርቷል።"

"እናደርሳለን፣ አለቃ።"

"ካልደረሰ ያቺን ወንበር የሚፈልግ ሞልቷል።"

ሆዱን ይዞ ነጭ ክኒን እያኘከ ነው ያላት። እሱም ምሳ አይበላም፤ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል ይላል። በሰማያዊ ጠመኔው የተበላሸ ኮሌታ ላይ ምልክት ሲያደርግ ጣቱ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ አየር ላይ ሁሉ ምልክት የሚያደርግ ይመስለኛል።

እሁድ

ታላቄ ከሰሞኑ ትንሽ ቀለም መጣላት። ማታ ሁለት ጊዜ ሳቀች። አንዱ በኔ ነው።

እኔ ምሳዬን ለእሜቴ እያካፈልኩ ስለሆነ በሻይና በከረሜላ ነው የምውለው። ከረሜላ ጥሩ ነገር ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይታጠብም። ልቤ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ትመታለች፤ ተቀምጬ እያለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ረቡዕ

ልጆቹ "ቀልድሽ አረጀ፣ ሌባው አንቺው ነሽ" አሉኝ። አረጀ? የኔ ቀልድ?

ሌባዋን እይዛታለሁ አልኩ። ዛሬ የእሜቴን ድንች ጨው በጨው አደረግኩት። እፍኝ ሙሉ። የበላ ሰው ወደ ውሃው ቧንቧ ይሮጣል፤ እኔ ደግሞ ካውያዬ ጋ ቆሜ አየዋለሁ።

ምሳ ሰዓት። ቧንቧው ጋ የሄዱትን አየሁ። ቆራጩ ሄደ፣ ሁሌም ይሄዳል። ታላቄም ሄደች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ረጠበ። እሷ ውሃ ትወዳለች። ታላቄ ድሮም ውሃ ትወዳለች።

ማንንም አልያዝኩም። ለልጆቹም "አልተያዙም" አልኳቸው።

ሐሙስ

የእሜቴ ምሳ ዕቃ እንዳለ ነው። አልተነካም።

ዓርብ

አልተነካም። ምግቡ ደርቆ ክዳኑ ላይ ላቡ ቀርቷል።

ሰኞ

አልተነካም። ያለ ጨው ነው ያደረግኩት፤ እንቁላል ጨመርኩበት። መደርደሪያው ፊት ቆሜ "ይብሉ እንጂ" አልኩ፤ ሌላ ሰው የሰማኝ አይመስለኝም።

የኋላ በሯ ድመት እንደገና ወፍራለች።

ታላቄ ጉርዷን በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች፤ ማጥበቢያ ጊዜ የለም። ማታ ወጥ ሠርታ ለኔ ብቻ አወጣች። "አንቺስ?" ስላት "ሳማስል ቀምሼ ጠገብኩ" አለች። ማንኪያው ደረቅ ነበር። አይቼው ዝም አልኩ። እኔ ዝም የምለው መቼ ነው? ዝም ማለት በማይገባኝ ጊዜ ብቻ ነው ዝም የምለው።

ማክሰኞ

ተደፋች።

መኪናዋ ላይ። መርፌው የታላቄን ጣት በስቶ ገባ፤ እግሯ ፔዳሉን እንደረገጠ ነበርና መኪናው ያለ ጨርቅ ይሰፋል። እማማ ቁልፍ ናቸው ያጠፉት። "አላልኩም?" አላሉም። ዓይናቸው ብቻ መስኮቱ ጋ ወዳለችው መኪና ሄደ። ፉጨት ማፏጨቱን አቆመ።

ክሊኒክ። እጄ አልጽፍም ይላል። በኋላ።

ያው ማክሰኞ፣ ማታ

ተኝታለች። ጣቷ ተጠቅልሏል። እዚያው አልጋዋ ስር ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ነርሷ መጋረጃውን ጋርዳ ነበር የምታነጋግራት፤ እኔ ከውጭ ወንበር ላይ ነበርኩ።

"መቼ ነው እህል የቀመስሽው፣ እህቴ?"

"ሰው መሃል ስቀመጥ ጉሮሮዬ ይቆለፋል። ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ የቀረውን ኮሌታ እቆጥራለሁ። ከዚያ አይወርድም።"

"ምንም አይወርድም?"

"አንድ ምሳ ነበር። የኔ ያልሆነ። የማንም ያልሆነ። ተደብቄ ቆሜ ስበላው ይወርድልኝ ነበር። የኔ ስላልሆነ ነው መሰለኝ፤ ማንም አይጠብቀኝም። ከዚያ አንድ ቀን ጨው ሆነ።"

"ጨው?"

"ሰው አውቆብኛል ማለት ነው።"

ነርሷ ለብዙ ሰው ስትናገረው የኖረች በሚመስል ድምፅ ነገረቻት። ሲጨንቅሽ ሆድሽ ይዘጋል አለቻት። ሳትበዪ ስትውዪ ደግሞ ሰውነትሽ ሌላ አደጋ የመጣ ይመስለዋል፤ ጭንቀቱ ይብሳል። እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ ልብ የሚመታው፣ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይዞሩብሻል። በትንሽ በትንሹ ብዪ፤ ደስ በሚልሽ ቦታ ብዪ፤ ቆመሽም ቢሆን ብዪ።

መጋረጃው ጥሩ ጨርቅ ነበር። ስፌቱ ግን ጠማማ ነው። እስኪጨርሱ ድረስ ስፌቱን ሳይ ነበር።

እጅ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት። እነዚህ ሁሉ ሌላ ሰው ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው። እኔ ደህና ነኝ።

እፍኝ ሙሉ ጨው። እፍኝ ሙሉ።

ዓርብ

ታላቄ ቤት ናት፤ እስከ ሰኞ እንድታርፍ ነው የተባለው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት እንቁላል ቀቀልኩላት። እሷ እንቁላል በቢላ አትቆርጥም፤ የስፌት ክር በሁለት እጇ ወጥራ ነው የምትከፍለው፣ አራት ቦታ፣ ምንም ሳይፈርስ። በተጠቀለለ ጣቷም ሞክራ ተሳካላት። ሩቡን በላች። መስኮት መስኮቱን እያየሁ አላየሁም አልኩ።

አሁን የሚያስፈራው። ልማድ ሆኖብኝ የእሜቴን ምሳ ዕቃ ሞልቼ ደርድሬው ነበር። ታላቄ ቤቷ ተኝታለች፤ በሩን እኔው ነኝ የቆለፍኩት። ከምሳ በኋላ ሄድኩ። ባዶ ነው። ታጥቦ ተደፍቷል።

ቦይለሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። መስኮቱ ጋ ያለችው መኪና የለበሰችው ጨርቅ በአንድ ጎኑ ተነስቶ ነበር፤ ነፋስ ይሆናል፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ከዚያ ክዳኑን አነሳሁት። ወፏ ላይ አንድ የአውራ ጣት ምልክት አለ። ሰማያዊ። የጠመኔ።

ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ፉጨት እንዳልተሰማ ያኔ ትዝ አለኝ።

ምልክቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ለማንም አልነገርኩም። አንድ ቀልድ ብቻዬን ይዤ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ

ታላቄ ተመለሰች። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ፉጨት አለፍ ሲል "ቀስ እያልሽ" አላት፤ ወዲያው እንዳላለ ሰው ሆኖ ወደ ቆራጩ ሮጠ።

ምሳ ሲደርስ መደርደሪያው ፊት ተንበረከክሁ፤ አዳራሹ ሙሉ እያየኝ። እጆቼን አጣመርኩ።

"እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጨው የጨመርኩት እኔ ባለጌዋ ነኝ። ልይዝዎት ፈልጌ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አላይም፣ አልጠብቅም፣ አልጠይቅም። ከፈለጉ ቆመው፣ ከፈለጉ ተቀምጠው፣ ምሳው የርስዎ ነው። እኔ ዓይኔ ታውሯል።" ካውያ ማርጠቢያውን ጨርቅ ዓይኔ ላይ አሰርኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ይቺ ልጅ ለይቶላታል" አሉ። እማማ ቁልፍ ብቻ "ትብላ፣ ተዋት" አሉ በቀስታ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። በጨርቁ ስር አንድ ሰው ሳይስቅ ይታየኝ ነበር። የታላቄን ጫማ ብቻ ነው ያየሁት። የተጠጋገነውን።

ጨርቁን ሳልፈታ ወደ ካውያዬ እየዳበስኩ ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ ጠረጴዛ ስመታ ሳቁ ቀጠለ። ቦይለሩ ጀርባ የሚያኝክ ሰው ድምፅ ማንም አልሰማም። እኔ ሰማሁት።

ባዶ። ታጥቧል። ተደፍቷል።

ሐሙስ

እሜቴ ሰሞኑን ለሁለት ሰው ነው የሚበሉት። መጀመሪያ አንዷ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ እንዳይገናኙ መሰለኝ ፉጨት በሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። ምሳ ዕቃው እስከ አፉ ካልሞላ አይበቃም። ስለዚህ የኔን ሙሉውን ገለብጣለሁ።

ምንም አይደለም። ከረሜላ አለኝ። ሻይ አለ። ታላቄ ጉርዷን ዛሬ በመርፌ ቁልፍ አላያዘችም።

ማታ ወጡን ከፊቴ ስታስቀምጥ ጉሮሮዬ እምቢ አለ። "ሥራ ቦታ በልቻለሁ" አልኳት።

"መቼ?"

"በላሁ አልኩሽ አይደል እንዴ።"

ትክ ብላ አየችኝ። የራሷን ድምፅ ከኔ አፍ የሰማች መሰለኝ።

ቅዳሜ

እንቅልፍ የለም። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ እጅጌ ነው፤ ብዙ እጅጌ፣ ክንድ የሌለበት፣ ተሰልፎ ወደ ካውያዬ የሚመጣ።

ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ጨርቅ የለበሰችው መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ። ቀረብ ስል የሸሚዝ ክምር ነው። ክምሩ ግን እኔ የማደርገውን ጉርድ ለብሶ ነበር። በወገቡ በኩል ሰፍቶታል።

እኔ ደህ

ሰኞ

አቃጠልኩ። የካውያዬ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ነጭ ኮሌታ ላይ። ቆሜ የት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ስመለስ ጭስ ነበር።

ፉጨት መጣ። ጠመኔውን አወጣ። ሳያሰምር ኪሱ መለሰው።

"ምን ነካሽ አንቺ? ሰሞኑን ቀልድ እንኳ የለሽም።"

"ይሄ ሥራ እስኪያልቅ ቀልድ የለም ብለው የለ፣ አለቃ።"

አልሳቀም። "ምሳ ሰዓት ነው፤ ሂጂ" አለኝ። ገና አልደረሰም ነበር።

መደርደሪያውን ላስተካክል ሄድኩ። ዛሬ ለእሜቴ ምንም አላመጣሁም፤ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ቤቱ ዞሮብኝ ምሳ ዕቃዬን እንኳ ሳልይዝ ነው የወጣሁት። ባዶውን የወፏን ምሳ ዕቃ ላነሳ እጄን ሰደድኩ።

ከባድ ነው።

ይሞቃል።

ዞር አልኩ። አዳራሹ እንዳጎነበሰ ነው። መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። እማማ ቁልፍ ቁልፋቸውን ይተክላሉ። ታላቄ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ አንድ ኮሌታ ላይ አንገቷን ደፍታለች። ማንም አያየኝም። አንድም ሰው፣ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ተነጋገሩ ሁሉ።

ምሳ ዕቃውን ይዤ ከቦይለሩ ጀርባ ገባሁ። ግድግዳው ጀርባዬን አሞቀው። ከዚያ ሆነው አዳራሹ አይታይም። የግድግዳው ሰዓትም አይታይም። ክዳኑን ከፈትኩ። ድንች ነው። ከላዩ እንቁላል አለ፤ አራት ቦታ የተከፈለ፣ ምንም ያልፈረሰ፣ ዳሩ ላይ የክር መስመር ያለበት።

ቆሜ በላሁ። ቀስ ብዬ፣ እያረፍኩ። የመጀመሪያው ጉሮሮዬ ላይ ቆየ፤ ሁለተኛው ገፋው። ከእንፋሎቱ መጋረጃ ወዲያ የአንድ ሰው እርምጃ መጥቶ ቆመ፤ ሳኝክ ይሰማል መሰለኝ፤ ከዚያ ሳይገባ ተመለሰ። የተጠጋገነ ጫማ ድምፁን አውቀዋለሁ።

ጨርሼ አጠብኩት። ወፏን ወደ ታች አድርጌ ደፋሁት።

ወደ ካውያዬ ስመለስ ታላቄ ቀና ሳትል "የት ነበርሽ?" አለችኝ።

"እሜቴን ላያቸው ሄጄ።"

"በሉ?"

"በሉ።"

ክሯን በጥርሷ በጠሰች። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ጨው ልክ ነበር።